ለውሃው መንገድ፦ ትልቅ የጣሪያ መስኮትና የአዲስ አበባ ክረምት

በሐምሌ አጋማሽ፣ እንጦጦ በደመና ተሸፍኖ ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል፣ የእህቴ ቤተሰብ ሳፋና ባልዲ ይዞ ወደ ደረጃው ይሮጥ ነበር። ከደረጃው አናት፣ ጣሪያው ላይ፣ ወርዱ ሁለት ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ መስኮት አለ። በበጋ የቤቱ ጌጥ እሱ ነው፤ ጠዋት ብርሃኑ በግድግዳው ላይ ሲወርድ አምፖል ማብራት አያስፈልግም። በክረምት ግን ከላይኛው ጥግ የሚወርደው ጠብታ በመጀመሪያው ዓመት ኮርኒሱን ቢጫ አደረገው፤ በሁለተኛው ቀለሙን ላጠው፤ በሦስተኛው የደረጃውን የእንጨት መደገፊያ አበሰበሰው። በእነዚያ ሦስት ክረምቶች አራት ባለሙያ መጣ። አራቱም ሲሊኮን ቀብተው ሄዱ።

ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት የተነሣሁት ያኔ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የጣሪያ መስኮት፣ በሠራተኛው ቋንቋ ስካይላይት፣ የሀብታም ቤት ማሳያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቦታ ጠቧል፤ ቤት ከቤት ተጣብቋል፤ የጎን መስኮት የጎረቤት ግድግዳ ላይ ያፈጥጣል። ደረጃና ኮሪደር ብርሃን የሚያገኙት ከሰማይ ብቻ እየሆነ ነው። የገበያ ማዕከላቱም መሃላቸውን ክፍት ትተው በመስታወት ወይም በፖሊካርቦኔት ይከድኑታል። መስኮቱ በሰፋ መጠን ግን የዝናቡ ጥያቄ ይለወጣል። እጅ የምታህል መስኮት በጎርፍ መሃል እንዳለ ጠጠር ናት፤ ውሃው በግራና በቀኝ ያልፋታል። ሁለት ሜትር የተዘረጋ መስኮት ግን ግድብ ነው።

ግድብነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል አንድ ሊትር ነው። ከእህቴ መስኮት በላይ እስከ ጣሪያው አናት አምስት ሜትር ቆርቆሮ አለ፤ በሁለት ሜትር ወርድ ሲባዛ አሥር ካሬ ሜትር ይሆናል። በሰዓት 100 ሚሊሜትር በሚሆን ፍጥነት ለአሥር ደቂቃ ብቻ የሚወርድ ዶፍ እናስብ። ያ አሥር ካሬ ሜትር በየደቂቃው 17 ሊትር ገደማ ወደ መስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ይልካል። መስታወቱ ራሱ ስድስት ካሬ ሜትር ነውና 10 ሊትር ይጨምራል። ተደምሮ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየ45 ሴኮንዱ ይሞላል ማለት ነው። ይህን ያህል ውሃ የጣት ውፍረት ባለው የሲሊኮን መስመር አግዶ ለማቆም መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን እንቀባ?» ሳይሆን «ይህ ውሃ በየት በኩል አልፎ የት ይደርሳል?» የሚለው ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው። ሮማውያን አንደኛውን መልስ ሰጥተውበታል፦ ይግባ። በጥንታዊት ፖምፔ ቤቶች መሃል ጣሪያው ክፍት ነበር፤ ዝናቡ ከሥሩ ወዳለ ገንዳ ይወርዳል፤ ከገንዳው ወደ ጉድጓድ ይጠራቀማል። በሁለተኛው መቶ ዘመን የተሠራው የሮም ፓንቴዎን ጉልላቱ ላይ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ አለው፤ መስታወት የለውም። ዝናብ ሲዘንብ ወደ ውስጥ ይዘንባል። ወለሉ ግን መሃሉ በጥቂቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው ይንሸራተትና በእምነበረዱ ውስጥ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ለሚመጣው ውሃ አስቀድሞ ቦታ ተዘጋጅቶለታል።

ሁለተኛው መልስ እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ውስጥ ታየ። ጆሴፍ ፓክስተን ለታላቁ ኤግዚቢሽን የሠራው የመስታወት አዳራሽ፣ ክሪስታል ፓላስ፣ ጣሪያው እንደታረሰ ማሳ በትልምና በመደብ የተሠራ ነበር። በየትልሙ ከእንጨት የተቀረጸ አሸንዳ ነበረው፤ ውሃው ከአሸንዳው ወደ ምሰሶዎቹ ይገባል፤ ምሰሶዎቹም ውስጣቸው ክፍት የሆነ ብረት ነውና ቁልቁል ያወርዱታል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አሸንዳው ከዋናው መሄጃ ሌላ በግራና በቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቦዮች ነበሩት፤ እነሱ የተዘጋጁት ከውስጥ በኩል መስታወቱ ላይ ለሚወርደው እርጥበት ነው። ፓክስተን ውሃ ከውጭ ብቻ እንደማይመጣ ያውቅ ነበር። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው መንገድ የሰሜን አውሮፓ ነው። ዴንማርካዊው ቪሉም ካን ራስሙሰን እ.ኤ.አ. በ1941 የመሠረተው፣ ዛሬ ቬሉክስ በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት፣ ተዳፋት ጣሪያ ላይ የሚገጠም መስኮትን በፋብሪካ ማምረት ጀመረ። በዚህ አሠራር መስኮቱና በዙሪያው የሚታጠፈው ላሜራ፣ ማለትም ፍላሺንጉ፣ የሚታሰቡት እንደ አንድ ዕቃ ነው። ለሸክላ ክዳን፣ ለጠፍጣፋ ክዳን፣ ለባለሞገድ ቆርቆሮ ለእያንዳንዱ የተለየ ፍላሺንግ አለ፤ ጣሪያው ከ15 ዲግሪ በታች ከዘነበለ ደግሞ የመስኮቱ ዓይነት ራሱ ይለወጣል። እኛ ጋ የሚጎድለው ይህ ሐሳብ ነው። የአሉሚኒየም ሠራተኛው ፍሬሙን ሠርቶ ይሄዳል፤ ቆርቆሮ መቺው ቆርቆሮውን መትቶ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው አራት ጣት ክፍተት የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል፤ ቤቱ የሚያፈሰው በዚያ ነው።

መላው ጉዳይ የሚወሰነው በመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ቆም ልበል። በተዳፋት ጣሪያ ከላይ የመጣ ውሃ ፍሬሙን ሲመታ ይቆማል፤ ሲቆም ይከማቻል፤ ሲከማች ከፍታው ይጨምራል። ከፍሬሙ ኋላ የታጠፈው ላሜራ አምስት ሴንቲሜትር ብቻ ከሆነና የውሃው ከፍታ ስድስት ከደረሰ፣ አንድም ቀዳዳ ሳይኖር ቤቱ ያፈሳል። ሲሊኮን የቀቡት አራቱ ሰዎች ቀዳዳ ሲፈልጉ ነበር፤ ቀዳዳ ግን አልነበረም።

መፍትሔው በሁለት ነገር ይጀምራል፤ ከፍታና አቅጣጫ። መስኮቱ በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ዙሪያውን ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ መቀመጥ አለበት። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ ተዳፋቱ ለ12 እጅ አግድም ከ3 እጅ ከፍታ ባነሰ ጣሪያ ላይ የሚገጠም የጣሪያ መስኮት ከጣሪያው ገጽ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ከፍ እንዲል ያዛል። በእኛ ዶፍና በረዶ፣ 15 ሴንቲሜትርን መነሻ ማድረግ ይበጃል እላለሁ። አቅጣጫን በተመለከተ ያው ደንብ ከ76 ሴንቲሜትር ገደማ በላይ ወርድ ያለው እንደ ጭስ ማውጫ ያለ ነገር ጣሪያውን ሲያቋርጥ፣ በላይኛው በኩል ውሃውን ለሁለት የሚከፍል ትንሽ ባለሁለት ተዳፋት ጣሪያ እንዲሠራለት ይጠይቃል። በፋብሪካ መመሪያ መሠረት የተገጠሙ የጣሪያ መስኮቶችን ደንቡ ከዚህ ነጻ ያደርጋቸዋል፤ የእነሱ ፍላሺንግ ውሃውን ለማሳለፍ አብሮ ስለተሠራ ነው። በሠፈር ወርክሾፕ ለሚበየድ የሁለት ሜትር ፍሬም ግን ነጻ የሚያደርግ ምክንያት የለም። መሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ግራና ቀኝ የሚዘነብል ኮርቻ ከኋላው ያስፈልገዋል።

በባለሞገድ ቆርቆሮ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። የቆርቆሮው ሞገድ ውሃውን በየቦዩ ቀጥታ ቁልቁል ይነዳዋል፤ ወደ ጎን ለማስኬድ ሲሞከር ሞገዱ ራሱ ያግደዋል። ኢጋ የሚባለው ቆርቆሮም ሆነ ተራው በዚህ አንድ ናቸው። ስለዚህ ለትልቅ መስኮት በጣም የማምንበት ዘዴ ከመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ጀምሮ እስከ ጣሪያው አናት ድረስ ከቆርቆሮው በላይ ለጥ ያለ ላሜራ መዘርጋት ነው። ላሜራው በጣሪያው ጉልላት ሥር ይገባል፤ በጎኖቹ ከአንድ ሞገድ በላይ አልፎ ይታጠፋል፤ ከላይ የመጣው ዝናብ በሙሉ በእሱ ላይ ይንሸራተትና ኮርቻው ለሁለት ይከፍለዋል። ላሜራ ይፈጃል፤ ነገር ግን አግድም መገጣጠሚያ የሚባል ነገር ከውሃው መንገድ ላይ ይጠፋል።

ቤቱ ገና ካልተሠራ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነገር አለ፤ መስኮቱን ከጣሪያው አናት ላይ ማድረግ። ከላዩ ጣሪያ የሌለው መስኮት ከላይ የሚመጣበት ውሃ የለም፤ የሚሸኘው በራሱ ላይ የወረደውን ብቻ ነው። ከአርክቴክት ጋር በወረቀት ላይ ጥቂት ሜትር ወደ ላይ መግፋት ምንም አያስወጣም።

ጎኖቹና የታችኛው ጠርዝ ላይ ብዙ አልቆይም። ሕጉ አንድ ነው፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረባል። ጎጆ የሚከድን ሰው ሣሩን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚሄደው ለዚህ ነው። ላሜራ ሲገጠም ይህ ተራ ይዘነጋል፤ አንድ ቦታ ላይ እንኳ የታችኛው ከላይኛው ላይ ከተደረበ ውሃው በቀጥታ ወደ ኮርኒሱ ይመራል። ሌላው የሚዘነጋው ውሃ ሽቅብም እንደሚሄድ ነው። ሁለት ጠፍጣፋ መስታወት አጣብቃችሁ ጠርዛቸውን ውሃ በያዘ ሳህን ውስጥ አቁሙ፤ ውሃው በመካከላቸው ሲወጣ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ተጣብቀው የተደረቡ ሁለት ላሜራዎችም እንዲሁ ይጠጡታል። ስለዚህ መደረቢያው ሰፊ ይሁን፤ ውስጠኛው ጠርዝ ወደ ላይ ትንሽ ይታጠፍ፤ ውሃው የሚቋረጥበት ክፍተት ይተውለት። በታችኛው ጠርዝ ደግሞ ላሜራው ወደ ታች ሹል ብሎ ካልታጠፈ ጠብታው ተመልሶ ከሥር ይሳባል።

አሁን ወደ ሲሊኮን። ሲሊኮንን አልጠላም፤ ቦታውን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ዕቃዎች በሙቀት ይረዝማሉ፣ በብርድ ያጥራሉ፤ እኩል ግን አይደሉም። በቀኑ ፀሐይና በሌሊቱ ብርድ መካከል የ30 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር፣ ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው መስታወት ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ይለዋወጣል፤ ያው ርዝመት ያለው አሉሚኒየም ሁለት ሚሊሜትር ገደማ፤ ፖሊካርቦኔት ግን ስድስት ሚሊሜትር ይደርሳል። ለዚህ ነው በጠባብ ቀዳዳ ላይ በብሎን ጥርቅ ተደርጎ የታሰረ ፖሊካርቦኔት በብሎኑ ዙሪያ የሚሰነጠቀው። ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ብሎ፣ የጎማ ቀለበት ገብቶበት፣ ዕቃው እንዲንቀሳቀስ ሊፈቀድለት ይገባል። ሲሊኮን በንጹሕና በደረቅ ገጽ ላይ፣ በፋብሪካ በተሰላ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ ብዙ ዓመት ያገለግላል። በአቧራማ ቆርቆሮ ላይ፣ ባረጀ ሲሊኮን አናት ላይ የተቀባ ግን ከቀጣዩ ክረምት አያልፍም። አሉሚኒየም ፍሬም በእርጥብ ሲሚንቶ መለሰኑም ሌላ ስሕተት ነው፤ የሲሚንቶው ውሃ አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

በሶሌታ ጣሪያ፣ ማለትም ጠፍጣፋ ኮንክሪት ላይ የሚቀመጥ መስኮት የራሱ ጠባይ አለው። እዚያ ውሃ አይሮጥም፤ ይተኛል። ኮንክሪቱ ሲፈስ ወይም ከላዩ ልስን ሲደረግ ወደ መውረጃው በሜትር ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ዝቅታ ካልተሰጠው፣ ከዝናቡ በኋላ ሰማይ የሚታይበት ኩሬ መስኮቱን ይከባል። የውሃ መከላከያው ሜምብሬን ጥግ ላይ መቆም የለበትም፤ በመስኮቱ መቀመጫ ላይ 15 ሴንቲሜትር ያህል ሽቅብ መውጣትና ጫፉ በላሜራ መሸፈን አለበት። ሥራው ሲያልቅ መውረጃዎቹ ተደፍነው ጣሪያው ላይ ውሃ ተሞልቶ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ይቆይ። ይህ ፈተና ከሰኔ በፊት ከተደረገ ስሕተቱ በርካሽ ይታረማል።

በአዲስ አበባ አሁን የተወደደው የቤት መልክ ደግሞ ጣሪያውን በፓራፔት ግድግዳ ይደብቀዋል። ከመንገድ ሲታይ ቤቱ ሣጥን ይመስላል፤ ከኋላው ግን ቆርቆሮ፣ የተደበቀ አሸንዳ፣ አንዳንዴም ለሙሉ ጣሪያ አንድ ብቻ የሆነ መውረጃ ቱቦ አለ። የድሮው አሸንዳ ሲሞላ ወደ ግቢ ይፈስሳል፤ ጉዳቱ ጭቃ ነው። የተደበቀው አሸንዳ ሲሞላ የሚፈስሰው ወደ ቤት ነው። ከተማችን በረዶ የሚጥልባት ከተማ ናት፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ በረዶው አሸንዳውን ሞልቶ መውረጃውን ይደፍናል፤ ከኋላው ያለው ዝናብ መሄጃ ያጣል። ስለዚህ ፓራፔት ያለው ቤት ሁለት መውረጃና በግድግዳው ላይ የትርፍ መውጫ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። የቀዳዳው ከፍታ ከመስኮቱ መቀመጫ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ይህ የቀረባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ መሣያው አንድ መስመር፣ መሥሪያው አንድ ቁራጭ ቱቦ ነው።

የፓክስተን ቀጫጭን ቦዮች እዚህ ይመለሳሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውስጥ፣ ደመና በሌለበት ሌሊት፣ «መስኮቱ ያፈሳል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ዝናብ የለም። የወጥ እንፋሎት፣ የገላ መታጠቢያው ሙቀት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ እርጥበት ሁሉ በደረጃው በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ብርድ የበላውን ነጠላ መስታወት ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። መስታወቱ ያልበዋል ማለት ነው። ደርብ መስታወት ይህን በጣም ይቀንሰዋል፤ አየር ማውጫም ይረዳል። በደንብ የተሠራ ፍሬም ደግሞ ይህን ላብ የሚቀበል ቦይና ወደ ውጭ የሚያወጣ ትንንሽ ቀዳዳ አለው። ዝናብ ይገባል ብለው እነዚያን ቀዳዳዎች በሲሊኮን የሚደፍኑ ሠራተኞች አሉ፤ ያን ጊዜ ፍሬሙ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ መውጫ ሲያጣ ወደ ክፍሉ ይወርዳል።

የእህቴን መስኮት ያዳነው አንድ ሽማግሌ የላሜራ ሠራተኛ ነው። «ጋሼ፣ ጠብታው ከዚህ ጥግ ነው» ብዬ ሳሳያቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «ልጄ፣ ውሃ የሚወድቅበትና የሚገባበት አንድ አይደለም፤ ጎማውን አምጪልኝ» አሉ። በጎማው ውሃ በመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል አፈሰሱ፤ እኔ ውስጥ ሆኜ አያለሁ፤ ደረቅ ነው። ወደ ቀኝ ጎን ወጡ፤ ደረቅ። ወደ ግራ፤ ደረቅ። ከላይኛው ጠርዝ ኋላ ባፈሰሱ በአራተኛው ደቂቃ ግን ያ የምናውቀው ጠብታ ከሩቁ ጥግ ወረደ። ከላይ ቢጀምሩ ኖሮ ውሃው ሁሉንም ጎን ስለሚያርስ ምንም ባልለየን ነበር። ቆርቆሮውን ሲያነሡት ከፍሬሙ ኋላ የሦስት ክረምት ጭቃ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አንድ ፌስታል ተጋግሮ ተገኘ። ላሜራው የአውራ ጣት ርዝመት እንኳ ሽቅብ አልታጠፈም ነበር። ሽማግሌው የአራቱን ሰዎች ሲሊኮን በቢላ ፍቀው ጣሉ፤ እስከ አናት የሚደርስ ላሜራ ዘረጉ፤ ኮርቻውን በሁለት ቀን ሠሩ።

ላስጠግን ወይም ላሠራ ለሚል ሰው የምለው ይህ ነው፦ ከመክፈልህ በፊት የላይኛው ጠርዝ ተቆርጦ ሲታይ ምን እንደሚመስል በወረቀት አስሥል። ብዙው ፕላን ላይ የጣሪያ መስኮት በአራት ማዕዘን ውስጥ የተሠመረ መስቀል ብቻ ነው። ላሜራው ስንት ሴንቲሜትር ሽቅብ ይወጣል፣ ማን በማን ላይ ይደረባል፣ ውሃው ከኮርቻው ወርዶ ወደ የትኛው አሸንዳ ይገባል፣ አሸንዳው ይህን ያህል ሊትር ይችላል ወይ፣ እነዚህ ካልተጻፉ ሠራተኛው በግምት ይሠራዋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጽዳት ነው። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያለ ፍሳሽ ቦዮቻቸው አይታሰቡም፤ ቦዮቹ ግን ለዘመናት በአፈር ተሞልተው ኖረው የተጠረጉት በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ በዚያ መካከል የተጎዳው ድንጋይ ዛሬም ያስጨንቃል። በእኛ ቤት መለኪያ ይህ ማለት በግንቦት አንድ ጊዜ፣ በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ አንድ ጊዜ መሰላል ተደግፎ የኮርቻውን ግራና ቀኝ በእጅ መጥረግ ነው።

እህቴ አሁን ሌላ ነገር ጨምራለች። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች፤ ከመስኮቱና ከበላዩ ካለው ጣሪያ ብቻ፣ ከ16 ካሬ ሜትር፣ ከ17 ሺህ ሊትር በላይ ማለት ነው። ሠፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከአሸንዳው የሚወርደውን ቱቦ ወደ ሮቶ አዙራዋለች፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አቧራና የወፍ ኩስ ያለበት ውሃ በጎን መክፈቻ ወደ ግቢው ትለቀዋለች፤ ከዚያ የሚመጣው ለልብስና ለአትክልት ይሆናል። ባለፈው ነሐሴ ዶፉ ሲጀምር ከደረጃው ሥር ቆሜ ቀና ብዬ አየሁ። ውሃው ከላይ መጥቶ መስታወቱ አናት ላይ ሳይደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ ትንሽ ቆይቶ ከግቢው በኩል ሮቶው ሲሞላ ይሰማል።